ቫሪያብል፣ ኮምፖዝ ወይስ ሌላ? በሎው-ኮድ ፍሎው ውስጥ ስሌትን የት እናስቀምጠው

ፓወር አውቶሜት ብዙ ኮድ ሳይጻፍ (በሎው-ኮድ) ሥራን በራሱ እንዲሄድ የሚያደርግ የማይክሮሶፍት መሣሪያ ነው፤ ፍሎው ደግሞ በእሱ የተደረደረ የእርምጃዎች ሰንሰለት። አብዛኛው ፍሎው ሲከፈት ከላይ የሚታየው ነገር ተመሳሳይ ነው። «ኢኒሺያላይዝ ቫሪያብል» የሚለው፣ ቫሪያብልን (ሊለወጥ የሚችል እሴት መያዣን) የሚያውጅ እርምጃ ስድስት ሰባት ጊዜ ተደርድሯል። አንዱ ለዋጋ፣ አንዱ ለቫት፣ አንዱ ለጠቅላላ ድምር፣ አንዱ ለአጽዳቂው ኢሜይል። ከእነዚህ መካከል በእርግጥ ቫሪያብል መሆን የሚገባው ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ነው። አንዳንዴም አንድም የለም።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ስሌቱ የተቀመጠበት ቦታ የፍሎውን ፍጥነት ይወስናል። ውጤቱ ትክክል መሆን አለመሆኑንም ይወስናል። በተለይ ደግሞ ፍሎውን በኋላ የሚረከበው ሰው ምን ያህል እንደሚደክም የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። በብዙ መሥሪያ ቤት ፍሎው የሚሠራው የአይቲ ክፍል ሳይሆን የፋይናንስ ወይም የግዥ ባልደረባ ነው። ባልደረባው ይለቃል፣ ፍሎው ይቀራል። ያ ፍሎው የሰው ገንዘብ የሚያሰላ ከሆነ ደግሞ ማንም በግምት ሊነካካው አይገባም።

ንጽጽሩን በአንድ ምሳሌ ላይ ልሥራው። የግዥ ጥያቄ ነው። የዕቃዎቹ ዝርዝር በኤክሴል ሠንጠረዥ ላይ አለ፤ በየረድፉ ብዛትና የአንዱ ዋጋ ተጽፏል። ፍሎው የየረድፉን ዋጋ ያባዛል፣ ይደምራል፣ 15 በመቶ ቫት ያክላል። ጠቅላላው ከ100,000 ብር ካለፈ ለዳይሬክተር፣ ካላለፈ ለክፍል ኃላፊ ይልካል። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው፤ ቅርጹን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ

እሴቱ አንዴ ከተሰላ በኋላ ይለወጣል ወይ? መልሱ «አይለወጥም» ከሆነ ቫሪያብል አያስፈልግም። ቫት አንዴ ይሰላል፣ በቃ። ጠቅላላውም እንደዚያው። ለእነዚህ በፓወር አውቶሜት ትክክለኛው ቦታ ኮምፖዝ ነው፤ አንድ እሴት አስልቶ የሚይዝ እርምጃ።

ኮምፖዝ ምንም ዓይነት መግለጫ አይጠይቅም። ቁጥር ስጡት፣ ጽሑፍ ስጡት፣ ሙሉ ዝርዝር ስጡት፣ ይቀበላል። የትም ቦታ ይገባል፤ ኮንዲሽን («ከሆነ» ብሎ ሁለት መንገድ የሚከፍት) ውስጥም፣ ሉፕ (ለየረድፉ የሚደጋገም) ውስጥም። ቫሪያብል ግን መጀመሪያ መታወጅ አለበት። ማወጃውም የሚቀመጠው በፍሎው የላይኛው ደረጃ ላይ ብቻ ነው፤ ሉፕ ወይም ኮንዲሽን ውስጥ አስገባለሁ ብትሉ አይፈቅድም። ዓይነቱም ከስድስቱ አንዱ መሆን አለበት፤ ቡሊያን (እውነት/ሐሰት)፣ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር)፣ ፍሎት (የአስርዮሽ ቁጥር)፣ ስትሪንግ (ጽሑፍ)፣ ኦብጀክት (ስም ያላቸው እሴቶች ስብስብ) ወይም አሬይ (ዝርዝር)። ያ ሁሉ ድርድር ከላይ የሚከማቸው በዚህ ምክንያት ነው።

የኮምፖዝ ትልቁ ጥቅም ግን ይህ አይደለም። ኮምፖዝ አንዴ ከተሞላ ማንም አይነካውም። የቫት ስሌት ተሳሳተ እንበል። ኮምፖዝ ከሆነ አንድ ቦታ ብቻ ታያላችሁ። ቫሪያብል ከሆነ እሴቱን የሚቀይረው «ሴት ቫሪያብል» የሚል እርምጃ በፍሎው ውስጥ የት የት እንዳለ መፈለግ ትጀምራላችሁ። ሦስት ቅርንጫፍ ያለው ፍሎው ላይ ይህ ግማሽ ቀን ይበላል።

አንድ ነገር አደራ። ኮምፖዝ እንደጨመራችሁ ወዲያው ስሙን ቀይሩት። «ኮምፖዝ 4» የሚል ስም ለማንም ምንም አይናገርም። «ጠቅላላ ከቫት በፊት» ግን ይናገራል። ሌሎች እርምጃዎች እሴቱን የሚጠሩት በስሙ ስለሆነ፣ ስሙን ከመጀመሪያው ማስተካከል ኋላ ከመቸገር ያድናል።

ሉፕ ውስጥ ሲገባ

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ በምርጫው ምክንያት ገንዘብ የሚሳሳተው እዚህ ነው።

በፓወር አውቶሜት «አፕላይ ቱ ኢች» የሚባለው ሉፕ በነባሪው ረድፎቹን አንድ በአንድ ያስኬዳል። ለማፍጠን ብላችሁ ኮንከረንሲን (በትይዩ የሚያስኬደውን ቅንብር) ከከፈታችሁ እስከ 50 ረድፍ በአንድ ጊዜ ይሄዳል። በአዙር ሎጂክ አፕስ፣ በማይክሮሶፍት ሌላው ተመሳሳይ አገልግሎት፣ ደግሞ ሉፑ ከመጀመሪያውም ትይዩ ነው፤ ነባሪው 20 ነው።

ቫሪያብል የመላው ፍሎው ንብረት ነው። የእያንዳንዱ ረድፍ አይደለም። «የረድፉ ዋጋ» የሚል ቫሪያብል አውጃችሁ ሉፑ ውስጥ በ«ሴት ቫሪያብል» ብትሞሉት፣ ሦስተኛው ረድፍ ዋጋውን ጽፎ ገና ሳያነበው ሰባተኛው ሊጽፍበት ይችላል። የወንበሩ ዋጋ በፕሪንተሩ ረድፍ ላይ ይወጣል። ፍሎው ግን ቀይ አያሳይም፤ «ተሳክቷል» ብሎ ያልፋል። በሁለት ረድፍ ስትሞክሩት ልክ ይመጣል፣ በ40 ረድፍ ይዛባል። ከዚህ የከፋ ስህተት የለም፤ የሚታወቀው ሂሳብ ሲመረመር ነውና።

ኮምፖዝ ሉፕ ውስጥ ሲሆን ለእያንዳንዱ ረድፍ የራሱ ነው። ትይዩም ቢሄድ አይጋጭም። ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፦ የአንድ ረድፍ ስሌት ሉፕ ውስጥ ኮምፖዝ እንጂ ቫሪያብል አይሁን።

ከዚህም የተሻለ አለ። ረድፎቹን ማባዛት ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ሉፑ ራሱ አያስፈልግም። «ሴሌክት» የሚባለው እርምጃ ሙሉ ዝርዝሩን ተቀብሎ በአንድ ጊዜ አዲስ ዝርዝር ያወጣል። በየረድፉ «ብዛት ሲባዛ ዋጋ» የሚል ዓምድ ትጨምራላችሁ። 40 ረድፍ በሉፕና በ«አፔንድ ቱ አሬይ ቫሪያብል» ከሄደ 40 እርምጃ ይቆጠራል፤ በሴሌክት አንድ ነው። እርምጃዎች ከዕለታዊ ኮታችሁ ስለሚቀነሱ ልዩነቱ የፍጥነት ብቻ አይደለም። «ፊልተር አሬይ»ም እንዲሁ ነው። ባዶ ረድፎችን በሉፕና በኮንዲሽን ከማጣራት በአንድ እርምጃ መጣል ይቻላል።

ታዲያ ድምሩስ? እዚህ ላይ ፓወር አውቶሜት ያሳፍራል። አንድ የቁጥር ዝርዝር የሚደምር ቀጥተኛ ፈንክሽን የለውም። ሁለት መንገድ ይቀራል። አንደኛው ፍሎት ቫሪያብል አውጆ ሉፕ ውስጥ በ«ኢንክሪመንት ቫሪያብል» መደመር ነው። ቫሪያብል በእውነት የሚገባው እዚህ ነው፤ እሴቱ በየረድፉ እያደገ ይሄዳልና። «ሴት ቫሪያብል» ላይ «ድምር እኩል ነው ድምር ሲደመር ዋጋ» ብላችሁ ለመጻፍ አትሞክሩ፤ ቫሪያብሉ ራሱን እንዲጠራ አይፈቀድም። ሁለተኛው መንገድ ዝርዝሩን ወደ ኤክስኤምኤል (መረጃን በመለያዎች ወደሚጽፍ ቅርጽ) ቀይሮ በኤክስፓዝ (ከዚያ ቅርጽ መረጃ በሚመርጥ ቋንቋ) ማስደመር ነው። ይሠራል፣ እጅግ ፈጣንም ነው። ግን ለሚረከበው ሰው ምሥጢር ይሆንበታል።

የእኔ ምርጫ፦ ረድፎቹ በአሥር የሚቆጠሩ ከሆነ ሉፕና ኢንክሪመንት፣ ኮንከረንሲው እንደተዘጋ። በመቶና በሺህ ከሆነ ኤክስፓዝ፣ በእርምጃው ማስታወሻ ላይ ምን እንደሚሠራ በአማርኛ ተጽፎ።

ገንዘብ ስለሆነ

የትኛውንም ብትመርጡ ቁጥሩ ራሱ የሚያጠምዳችሁ ሦስት ቦታ አለ።

ከኤክሴል ሠንጠረዥ የሚመጣ ቁጥር ፓወር አውቶሜት ውስጥ ጽሑፍ ሆኖ ይገባል። ከመባዛቱ በፊት በፍሎት ፈንክሽን መቀየር አለበት። ሕዋሱ ባዶ ከሆነ ደግሞ ቅየራው ፍሎውን ይሰብረዋል። ስለዚህ «ባዶ ከሆነ ዜሮ፣ ካልሆነ ቀይር» የሚል ኢፍ ሴሌክቱ ውስጥ ይኑር።

ሁለተኛው ማካፈል ነው። ሁለት ሙሉ ቁጥሮች ሲካፈሉ ቀሪው ይጣላል። 10 ለ3 ሲካፈል 3 ይሰጣል። አሁን ቫቱን «15 ሲካፈል ለ100፣ ከዚያ ሲባዛ በድምሩ» ብላችሁ ብትጽፉ 15 ለ100 ዜሮ ይሆናል። ቫታችሁም ዜሮ። በቀጥታ በ0.15 ማባዛት ነው።

ሦስተኛው ማስዋብ ነው። «ፎርማት ነምበር» ኮማና ሁለት የአስርዮሽ ቦታ አስገብቶ እንዲያምር ያደርገዋል፤ ውጤቱ ግን ጽሑፍ ነው። ከዚያ በኋላ መደመር አይሆንም። ስለዚህ ማስዋብ የመጨረሻው እርምጃ ይሁን፤ ኢሜይሉ ውስጥ ብቻ። የስሌቱ ኮምፖዝና የማሳያው ኮምፖዝ ለየብቻ ቢሆኑ እመርጣለሁ። የሳንቲም ክፍልፋይ ልዩነት የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ ደግሞ ሁሉንም በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር አስሉና መጨረሻ ላይ ለ100.0 አካፍሉ። ነጥቡን አትርሷት፤ ያለሷ ሳንቲሙ ይጣላል።

ቀኑም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፍሎው «አሁን» የሚለው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው፤ እኛ 3 ሰዓት እንቀድማለን። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የገባ ጥያቄ በዩቲሲ ገና የትናንት ነው። መጀመሪያ ላይ አንድ ኮምፖዝ አድርጉና «ኢስት አፍሪካ» ወደሚለው የሰዓት ክልል ቀይሩ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም እርምጃ ከእሱ ይውሰድ። እዚህም ቫሪያብል አያስፈልግም።

የማይለወጡት፣ ግን አንድ ቀን የሚለወጡት

0.15 እና 100,000 በፍሎው ውስጥ የማይለወጡ ናቸው። ሕግ ወይም የመሥሪያ ቤቱ መመሪያ ሲቀየር ግን ይቀየራሉ። አምስት ኤክስፕሬሽን (የስሌት ቀመር) ውስጥ ተበትነው ከተጻፉ አንዱ መረሳቱ አይቀርም።

ለአንድ ፍሎው ብቻ ከሆኑ፣ ከላይ «ቅንብር» የሚል አንድ ኮምፖዝ አስቀምጡና ሁሉንም እንደ ኦብጀክት እዚያ ውስጥ ጻፉ፦ የቫት ምጣኔ፣ የማጽደቂያ ጣሪያ፣ የዳይሬክተሩ ኢሜይል። ሰባት ቫሪያብል በአንድ ኮምፖዝ ይተካል። ብዙ ፍሎው የሚጋራቸው ከሆኑ በሶሉሽን (ፍሎዎችን አንድ ላይ በሚይዝ ጥቅል) ውስጥ ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ከፍሎው ውጭ የሚቀመጥ ቅንብር) ማድረግ ይሻላል፤ ፍሎውን ሳይከፍቱ መቀየር ይቻላልና። ስሙ ቫሪያብል ቢሆንም ፍሎው እየሄደ አይለውጠውም።

አጽዳቂውን ለመምረጥ ብዙ ሰው ኮንዲሽን ይከፍትና በሁለቱም ቅርንጫፍ «ሴት ቫሪያብል» ያስገባል። ሁለት ደረጃ ብቻ ከሆነ አንድ ኮምፖዝ ውስጥ አንድ ኢፍ ይበቃል። ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆን ኢፍ ውስጥ ኢፍ ማንበብ ይከብዳል። «ስዊች» ደግሞ እኩል መሆንን ብቻ እንጂ «ከዚህ እስከዚህ» የሚለውን አያውቅም። እኔ ደረጃዎቹን በሼርፖይንት (በማይክሮሶፍት የጋራ መረጃ ማስቀመጫ) ዝርዝር ላይ አስቀምጬ በፊልተር አሬይ ማግኘትን እመርጣለሁ። ጣሪያው ሲቀየር የፋይናንስ ሰው ራሱ ዝርዝሩን ያስተካክላል፤ ፍሎው አይነካም።

ቫሪያብል የሚያስፈልግበት አንድ ቦታ ልጨምር፦ «ዱ አንቲል»፣ ሁኔታው እስኪሟላ የሚደጋገመው ሉፕ። መረጃን ገጽ በገጽ የሚያመጣ ሉፕ ከዙር ወደ ዙር የሚሻገረውን እሴት የሚይዝለት ቫሪያብል ይፈልጋል። እዚያ በኮምፖዝ ለመሸሽ መሞከር ትርፉ ድካም ነው።

በነገራችን ላይ፣ በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ፓወር አውቶሜት ዴስክቶፕ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ቫሪያብል ዓይነቱን ሳይናገሩ የትም ይፈጠራል፣ የትም ይለወጣል። ከላይ ያልኩት ለክላውድ (በኢንተርኔት ላይ ለሚሄደው) ፍሎው ብቻ ነው።

ሜክ ላይ ቢሆን

በ2022 ስሙን የቀየረው የቀድሞው ኢንተግሮማት፣ የዛሬው ሜክ፣ ሌላ ተመሳሳይ መሣሪያ ነው፤ ስሌትን በጣም አቅልሎታል። ፈንክሽኖቹ በማንኛውም ሞጁል (በሜክ እርምጃ ማለት ነው) መስክ ውስጥ በቀጥታ ይጻፋሉ። የዝርዝር ድምር ፈንክሽን አለው። ረድፎቹ አንድ በአንድ የሚመጡ ከሆነ ደግሞ «ኒውመሪክ አግሪጌተር» ድምሩን፣ አማካዩን ወይም ትልቁን ያወጣል። የእኛ ግዥ ጥያቄ እዚህ በጥቂት ሞጁል ያልቃል።

«ሴት ቫሪያብል» ሞጁልም አለው። ግን ሞጁል በሠራ ቁጥር ከኮታ ይቀነሳል። ከኢተሬተር (ዝርዝሩን ረድፍ በረድፍ ከሚከፍለው ሞጁል) በኋላ ብታስገቡት 40 ረድፍ 40 ጊዜ ይቆጠራል። በመስኩ ውስጥ የተጻፈ ፈንክሽን ግን ተጨማሪ አይቆጠርም። ስለዚህ ስሌቱ አንድ ቦታ ብቻ የሚያገለግል ከሆነ እዚያው ይጻፍ። ሦስት አራት ቦታ የሚጠራ ረዥም ስሌት ከሆነ ቫሪያብል ይሁን፤ ብዙ ከሆኑም «ሴት መልቲፕል ቫሪያብልስ» አንድ ላይ ይያዛቸው።

ሜክ ላይ ቫሪያብል በእርግጥ የሚያበራው ራውተር (ሂደቱን ወደ ብዙ መንገድ የሚከፍል ሞጁል) ሲኖር ነው። አንዱ መንገድ ያሰላውን ሌላው መንገድ በቀጥታ ማየት አይችልም። መንገዶቹ በተራ ስለሚሄዱ፣ የመጀመሪያው የሞላውን ሁለተኛው በ«ጌት ቫሪያብል» ይወስዳል። ቫሪያብሉ እስከ መቼ እንደሚቆይ የሚወስነውን ምርጫ ግን ልብ በሉ፤ «ዋን ሳይክል» እና «ዋን ኤክሰኪውሽን» አንድ አይደሉም። አንድ ሂደት ብዙ ዙር ካለውና እሴቱ ከዙር ዙር እንዲሻገር ከፈለጋችሁ ሁለተኛው ነው።

ኤንኤይትኤን ላይ ቢሆን

በበርሊን የተጀመረው ኤንኤይትኤን (n8n) ሌላው ተመሳሳይ መሣሪያ ነው፤ ጭራሽ ሌላ አስተሳሰብ አለው። እንደ ፓወር አውቶሜት እየተቀየረ የሚሄድ ቫሪያብል የለውም። መረጃው ከኖድ (ከእርምጃ) ወደ ኖድ ረድፍ ሆኖ ይፈስሳል፤ ስሌት ማለት ለረድፉ አዲስ መስክ መጨመር ነው። ይህን «ኤዲት ፊልድስ» ይሠራል። ሉፕ መጻፍ አያስፈልግም፤ ኖዱ ራሱ ለእያንዳንዱ ረድፍ ይሠራል። ድምሩን «ሰመራይዝ» ኖድ ያወጣዋል። ቫሪያብል ስለሌለ ከላይ ያየነው የወንበርና የፕሪንተር መምታታት እዚህ ቦታ የለውም። ለስሌት ብቻ ቢሆን ኖሮ ከሁሉም ይህን እመርጥ ነበር።

ጀማሪውን የሚጥለው አንድ ነገር አለ። ኤዲት ፊልድስ ላይ ሌሎቹን መስኮችም አብሮ እንዲያሳልፍ ካልተነገረው፣ እናንተ የጻፋችሁትን ብቻ ያሳልፋል። የረድፉን ዋጋ ጨምራችሁ የዕቃው ስም የጠፋባችሁ በዚህ ምክንያት ነው። ሌሎች የገቢ መስኮችን የሚያካትተውን ማብሪያ አብሩት።

«ኮድ» ኖድም አለ፤ በጃቫስክሪፕት ወይም በፓይተን። አንድ ኖድ ውስጥ ሁሉንም አስልቶ መውጣት ይቻላል። ኮድ የሚያነብ ሰው በቡድኑ ውስጥ ሁልጊዜ ካለ፣ ይጠቀሙበት። ከሌለ ግን ሎው-ኮድ የመረጥነው ለምንድን ነው? እኔ ኮድ ኖድን ሌላ መንገድ ለሌለው ነገር ብቻ አስቀምጣለሁ። ጥሩ ምሳሌው የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ነው። ጃቫስክሪፕት ቀን ሲያሳይ የኢትዮጵያን ካላንደር ያውቃል። ፓወር አውቶሜት በራሱ ይህን አይችልም፤ እዚያ ኦፊስ ስክሪፕት (በኤክሴል ላይ የሚሄድ አጭር ኮድ) መጥራት ወይም የቅየራ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ግድ ነው። ደብዳቤው ላይ ሐምሌ እንጂ ጁላይ እንዲወጣ የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ይህን ቢያስብበት መልካም ነው።

ሌላውን ተመሳሳይ መሣሪያ፣ ዛፒየርን፣ በአጭሩ ልለፈው። ለአንድ ሁለት ስሌት «ፎርማተር» በቂ ነው፤ እንደ ኤክሴል ፎርሙላ ይጻፍበታል። የረድፍ ዝርዝር ሲመጣና ስሌቱ ሲከማች ግን ይጠብባል። ለእንዲህ ያለ ግዥ ጥያቄ አልመርጠውም።

ፍሎው ካለቀ በኋላ መኖር ያለበት እሴት

ቫሪያብልም ኮምፖዝም ፍሎው ሲያልቅ አብረው ያልቃሉ። የግዥ ጥያቄው ተራ ቁጥር ግን ነገም መቀጠል አለበት። ይህ ከቫሪያብል ጋር በጣም ይምታታል።

ኤንኤይትኤን ውስጥ «ስታቲክ ዳታ» የሚባል ነገር አለ፤ ግን በእጅ ስትሞክሩት አይቀመጥም፣ የሚቀመጠው ወርክፍሎው (በኤንኤይትኤን ፍሎው ማለት ነው) ገቢር ሆኖ በትሪገር (በሚያስነሳው ክስተት) ሲነሳ ነው። ዛፒየር «ስቶሬጅ»፣ ሜክ «ዳታ ስቶር» አላቸው። በፓወር አውቶሜት ብዙ ሰው የሚያደርገው የመጨረሻውን ቁጥር በሼርፖይንት ዝርዝር ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ፍሎው ያነባል፣ አንድ ይጨምራል፣ መልሶ ይጽፋል። ሁለት ሠራተኞች በአንድ ደቂቃ ውስጥ ፎርም ከላኩ ግን ሁለቱም ፍሎው 46ን ያነባሉ፣ ሁለቱም 47ን ይጽፋሉ። ሁለት የግዥ ጥያቄ በአንድ ቁጥር።

ቀላሉ መፍትሔ መቁጠሩን ለሼርፖይንት መተው ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ በዝርዝሩ ላይ አንድ ረድፍ ይሁን። ሼርፖይንት ለረድፉ የራሱን መለያ ቁጥር ይሰጣል፤ አይደግምም፣ የተሰረዘውንም መልሶ አይጠቀምም። ፍሎው የሚሠራው ያንን ቁጥር በአራት አኃዝ አድርጎ ከፊቱ ዓመቱን መለጠፍ ብቻ ነው። «ፎርማት ነምበር» ጽሑፍ መስጠቱ እዚህ ቦታ ላይ በትክክል የምንፈልገው ነው።

ቁጥሩ በየበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ከአንድ መጀመር አለበት ከተባለ ግን መለያ ቁጥሩ አይሆንም። ያኔ ለየዓመቱ አንድ ረድፍ ያለው የቆጣሪ ዝርዝር አዘጋጁ፤ የፍሎውን ትሪገር ኮንከረንሲም 1 አድርጉት፤ ጥያቄዎቹ ወረፋ ይይዛሉ። ይህን ቅንብር አንዴ ከከፈታችሁ መልሶ ማጥፋት አይቻልም፤ ትሪገሩን ሰርዞ እንደገና መሥራት ይጠይቃል። ስለዚህ ከመክፈታችሁ በፊት የፍሎውን ቅጂ አስቀምጡ። ማጽደቁንም ለብቻው ፍሎው አውጡት። ካልሆነ የዳይሬክተሩን ፊርማ የሚጠብቅ አንድ ጥያቄ ከኋላው ያሉትን ሁሉ ይዞ ይቆማል።